ተራው የማን ነው? የመፈተሻ ኮምፒዩተሮችን በፍትሐዊነት ስለ መጋራት

አንድ ፕሮግራም በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒዩተር መሥራቱ ብቻውን ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም። ፕሮግራሙ ጸሐፊው አይቶት በማያውቀው ማሽን ላይ፣ በማያውቀው ሰው እጅ ገብቶም መሥራት ይጠበቅበታል። በተለይ «ክፍት ምንጭ» እየተባለ የሚጠራው ሶፍትዌር፣ ማለትም ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ተገልጦ ማንም ሰው እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው የተፈቀደው ሶፍትዌር፣ ከእጅ ስልክ አንሥቶ እስከ ባንኮች ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ድረስ ስለሚጫን ይህ ግዴታ ይበልጥ ይከብደዋል።

እንግዲህ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ ወይም በባኮ ተቀምጦ ለእንዲህ ያለው ሶፍትዌር የበኩሉን ለማበርከት የሚፈልግ አንድ ተማሪ እናስብ። ዕውቀቱም ፈቃዱም አለው እንበል። ሥራውን የሚፈትሽበትን ማሽን ግን ከየት ያገኛል? ካገኘስ ያንኑ ማሽን በልዩ ልዩ አገር ሆነው ከሚፈልጉት ከብዙዎች ጋር በምን ዓይነት ደንብ ይጋራል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ጥያቄ ነው። ጉዳዩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ቢመስልም በውስጡ ሒሳብም፣ ፊዚክስም፣ ስለ ፍትሕ ማሰብም አለበት።

አንድ ስም፣ ሁለት አነባበብ

በመጀመሪያ «የራሴ ኮምፒዩተር እያለኝ የሌላ ማሽን ለምን ያስፈልገኛል?» የሚለውን ጥያቄ እንመልስ። ለዚህም ከአምቦ ከተማ ስም የተሻለ ምሳሌ አንፈልግም።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ ቁጥር አለው። «አ» 4768፣ «ም» 4637፣ «ቦ» ደግሞ 4710 ናቸው። ይሁን እንጂ ባይት የሚባለው የኮምፒዩተር የማስታወሻ ክፍል ከ255 የሚበልጥ ቁጥር አይዝም። ስለዚህ በአንደኛው የተለመደ የአጻጻፍ ስልት መሠረት ቁጥሩ ለሁለት ባይት ይከፈላል። 4768 ማለት 18 × 256 + 160 ስለሆነ «አ» 18 እና 160 ሆኖ ይጻፋል። በዚሁ ስሌት «ም» 18 እና 29፣ «ቦ» 18 እና 102 ይሆናሉ።

ችግሩ የሚመጣው ከሁለቱ ባይቶች የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ ነው። በአብዛኞቻችን ላፕቶፕና ስልክ ውስጥ ያሉት ፕሮሰሰሮች ትንሹን ክፍል ያስቀድማሉ። አይ.ቢ.ኤም. የሚሠራቸውና ትላልቅ ባንኮች የሚጠቀሙባቸው «ሜይንፍሬም» የተባሉ ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ግን ትልቁን ያስቀድማሉ። ጸሐፊው ቅደም ተከተሉን በግልጽ ሳይወስን ፋይሉን ከአንደኛው ማሽን ወደ ሌላኛው ቢልከው «አ» 160 × 256 + 18፣ ማለትም 40978 ተብሎ ይነበባል። ይህ ቁጥር በደቡብ ምዕራብ ቻይና የሚኖረው የዪ ሕዝብ ከሚጽፍባቸው ምልክቶች የአንዱ ነው። «ም» 7442 ይሆንና የድምፅ አጠናን ምሁራን ወደሚጠቀሙበት ምልክት ይለወጣል። «ቦ» ደግሞ 26130 ሆኖ ቻይንኛ ቃል ይሆናል። «አምቦ» ብሎ የጻፈ ሰው ሦስት የማይተዋወቁ ምልክቶች ይደርሱታል ማለት ነው።

ልብ ልንለው የሚገባው ነገር ጸሐፊው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሺህ ጊዜ ቢፈትሽ እንኳ ይህን ስሕተት የማያገኘው መሆኑ ነው። ማሽኑ ራሱ እንደጻፈው ራሱ ስለሚያነበው ሁሉም ነገር ትክክል ይመስለዋል። ስሕተቱ የሚገለጠው ሁለተኛው ዓይነት ማሽን ሲገኝ ብቻ ነው። ስለ ፊደላችን ወይም ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ከእኛ ይልቅ የሚገደው ስለሌለ፣ እኛ ፈትሸን ያላስተካከልነውን ሌላው እስኪያስተካክለው መጠበቅ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

የጋራ ማሽኖች

ይህን ችግር ለማቃለል የክፍት ምንጭ ማኅበረሰቦች ማሽኖችን በጋራ መጠቀም ከጀመሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ጂ.ሲ.ሲ. የተባለው ኮምፓይለር፣ ማለትም ምንጭ ኮድን ማሽን ወደሚረዳው ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ቀድሞ በስሙ ይጠራ የነበረ «ኮምፓይል ፋርም» አለው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በስጦታ በተገኙ ጥቂት ኮምፒዩተሮች የተጀመረው ይህ የማሽኖች ስብስብ ዛሬ ልዩ ልዩ ዓይነት ፕሮሰሰሮችን ይዟል። ከጂ.ሲ.ሲ. ውጭ ባሉ ነጻ ሶፍትዌሮች ላይ የሚሠሩ ሰዎችም አመልክተው የመግቢያ ፈቃድ ያገኙበታል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው የዴቢያን ፕሮጀክትም ተመሳሳይ ሥርዓት አለው። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ዴቢያን 13 ከተለመዱት የኢንቴልና የኤ.ኤም.ዲ. ፕሮሰሰሮች ሌላ በአርም፣ በፓወር፣ በአይ.ቢ.ኤም. ሜይንፍሬምና ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ በሪስክ-ፋይቭ ፕሮሰሰሮች ላይ ይሠራል። ፕሮጀክቱ በእነዚህ ፕሮሰሰሮች የሚሠሩ ማሽኖችን ለአባላቱ መፈተሻነት ክፍት አድርጓል። አባል ያልሆነ ሰውም ምክንያቱን ገልጦ፣ የሚመሰክርለት አባል ካገኘ፣ ለተወሰነ ጊዜ በእንግድነት የሚገባበት መንገድ አለ።

ማሽኖቹ ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ፈላጊዎቹ ብዙዎች። ጥያቄያችን የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ከወፍጮ ቤት የሚገኝ ትምህርት

ወረፋን ለመረዳት በጉደር ገበያ ቀን ወደ ወፍጮ ቤት የመጡ ሦስት ሰዎችን እናስብ። የመጀመሪያው ብዙ ኩንታል ስላመጣ 120 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ሁለተኛዋ 10 ደቂቃ፣ ሦስተኛዋ 5 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ሦስቱም ተከታትለው በአንድ ጊዜ ደርሰዋል እንበል።

«የቀደመ ይስተናገድ» በሚለው ደንብ የመጀመሪያው በ120ኛው፣ ሁለተኛዋ በ130ኛው፣ ሦስተኛዋ በ135ኛው ደቂቃ ጨርሰው ይወጣሉ። አማካዩ ከ128 ደቂቃ ይበልጣል። አሁን ደግሞ «የእኔ ትንሽ ናት፣ አሳልፉኝ» የሚለውን የተለመደ ልመና ደንብ አድርገን አጭሩን ሥራ እናስቀድም። አሁን በ5ኛው፣ በ15ኛውና በ135ኛው ደቂቃ ይጨርሳሉ። አማካዩ ወደ 52 ደቂቃ ወረደ። ባለ ብዙ ኩንታሉ 15 ደቂቃ ሲዘገይ ሌሎቹ ሁለቱ በድምሩ 245 ደቂቃ አተረፉ።

ይህ ደንብ ግን ሁለት ድክመቶች አሉት። አንደኛ፣ ትንንሽ ቋጠሮ የያዙ ሰዎች ያለማቋረጥ ቢመጡ ባለ ብዙ ኩንታሉ እስከ ምሽት ተራ ላያገኝ ይችላል። የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቃውንት ይህን ሁኔታ «ረሃብ» ይሉታል። ሁለተኛ፣ የሥራውን ርዝመት አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል። የእህልን ክብደት በሚዛን ማወቅ ይቻላል፤ ፕሮግራም ሲፈተሽ ግን ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱም አያውቅም።

ኮምፒዩተር ከወፍጮ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ወፍጮ ጤፉን ሳይጨርስ በርበሬ ቢጨመርበት ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ኮምፒዩተር ግን አንዱን ሥራ ካቆመበት መዝግቦ ወደ ሌላው ሊሸጋገርና ሊመለስ ይችላል። እያንዳንዱ በተራ 5 ደቂቃ ቢሰጠው ሦስተኛዋ በ15ኛው፣ ሁለተኛዋ በ25ኛው፣ የመጀመሪያው በ135ኛው ደቂቃ ይጨርሳሉ። አማካዩ 58 ደቂቃ ያህል ነው። የማንንም የሥራ ርዝመት ሳናውቅ ወደ ተሻለው ውጤት ተጠጋን፤ ተራ ሳያገኝ የሚቀርም የለም። በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳዩት የጊዜ ክፍፍል ሥርዓት የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር የሚሠራው የአንዱን ሰው ሥራ ጨርሶ ወደ ሌላው በማለፍ ነበር።

እኩልነት በሥራ ወይስ በሰው?

የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ኢንጎ ሞልናር ባዘጋጀው «ፍጹም ፍትሐዊ» በተባለ የተራ አከፋፈል ስልት ይሠራ ነበር። ስልቱ እስካሁን ከሁሉ ያነሰ የፕሮሰሰር ጊዜ ለወሰደው ሥራ ተራ ይሰጥ ነበር። በ2023 የወጣው የሊኑክስ 6.6 እትም፣ የዘገየውን ሥራ ይበልጥ የሚከታተል ሌላ ስልት ተክቶበታል። የሁለቱም መሠረተ ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ ወደ ኋላ የቀረው ይቅደም።

ይሁን እንጂ «ወደ ኋላ የቀረው» ማነው? አንድ ሰው 49 ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ቢያስነሣ፣ ሌላው አንድ ብቻ ቢኖረው፣ ለሃምሳዎቹ ሥራዎች እኩል ቢከፋፈል የመጀመሪያው ሰው ከመቶ 98 እጁን ይወስዳል። ሥራዎቹ እኩል ሆኑ፤ ሰዎቹ ግን አልሆኑም። በዕድር ቤት ድምፅ የሚሰጠው በሰው ነው እንጂ በየቤቱ ባለው ወንበር ቁጥር አይደለም። ለዚህም ነው ዛሬ ሊኑክስም ሥራዎችን በተጠቃሚ መድቦ በቅድሚያ ለሰዎቹ ማካፈል የሚያስችል መንገድ የያዘው።

በአውስትራሊያው የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጁዲ ኬይና ፒርስ ላውደር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንን ችግር በዝርዝር አቅርበውታል። በርካታ ተማሪዎችና መምህራን አንድ ማሽን በሚጋሩበት ቦታ የተወለደው መፍትሔያቸው ሦስት ነገሮችን ያጣምራል። እያንዳንዱ ሰው የተወሰነ ድርሻ አለው፤ የተጠቀመበት ይመዘገባል፤ የተመዘገበው ግን ቀስ በቀስ ይረሳል።

ሦስተኛው ነጥብ ለፊዚክስ ተማሪዎች እንግዳ አይሆንም። አዮዲን 131 የተባለው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በየ8 ቀኑ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የሰው አጠቃቀም መዝገብም እንዲሁ የግማሽ ዕድሜ ይሰጠዋል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ማዕከላት ሥራ የሚያከፋፍለው ስለርም የተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር የሚወስደው የግማሽ ዕድሜ 7 ቀን ነው። በዚህ ስሌት በአንድ ሳምንት 40 ሰዓት የተጠቀመ ሰው ከሳምንት በኋላ እንደ 20፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ 10፣ ከአራት ሳምንት በኋላ እንደ 2.5 ሰዓት ይቆጠርበታል።

የዚህ ዘዴ ጥበብ ማሽኑን ትናንት ብዙ የያዘውን ሰው ለዘላለም አለመቅጣቱ ነው፤ ዛሬ ግን እምብዛም ያልተጠቀመውን ያስቀድምለታል። የግማሽ ዕድሜው እጅግ ቢያጥር ትናንት የነበረው ሁሉ ስለሚረሳ የሚፎክረው ይጠቀማል። እጅግ ቢረዝም ደግሞ የአንድ ወር ከባድ ሥራ ሰውየውን ዓመቱን ሙሉ ወደ ኋላ ያስቀረዋል። ስለዚህ የግማሽ ዕድሜን መወሰን ቴክኒካዊ ብቻ አይደለም፤ «በደል እስከ መቼ ይታወሳል?» እንደሚለው ጥያቄ የማኅበረሰቡን ፍርድ ይፈልጋል።

እኩል ማለት ፍትሐዊ ማለት አይደለም

ጊዜን በተራ ከማካፈል ሌላ የማሽኑን አካላት በአንድ ጊዜ ማካፈልም አለ። 16 ኮር ያለውን ማሽን ሦስት ሰዎች ፈለጉት እንበል። አንደኛዋ 2፣ ሁለተኛው 5፣ ሦስተኛው 12 ኮር ይፈልጋሉ። እኩል ብንከፍል ለእያንዳንዱ 5 ኮርና ትርፍ ይደርሳል፤ ግን ለ2 ኮር ፈላጊዋ ከ3 ኮር በላይ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

የተሻለው ዘዴ የትንሹን ፈላጊ ፍላጎት አስቀድሞ መሙላትና የተረፈውን ለቀሩት እኩል ማካፈል ነው። አንደኛዋ 2 ወሰደች፤ 14 ቀረ። ለሁለት ቢካፈል 7 ይደርሳቸዋል፤ ሁለተኛው ግን 5 ይበቃዋል። የቀረው 9 ለሦስተኛው ይሆናል። ይህ «ማክስ-ሚን» ፍትሕ የሚባለው ነው። ማንም የሚያስፈልገውን አጋንኖ በመናገር አይጠቀምም፤ ሁለተኛው «12 ያስፈልገኛል» ብሎ ቢዋሽ 7 ይደርሰውና 2 ኮር ሥራ ፈትቶ ይቀመጥበታል። እውነትን መናገር የማይጎዳበት ደንብ ጥሩ ደንብ ነው።

የማሽን ሀብት አንድ ዓይነት ብቻ ባለመሆኑ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። 12 ኮርና 24 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውን ማሽን ሁለት ሰዎች ይጋሩት። የአንደኛዋ እያንዳንዱ ሥራ 1 ኮርና 4 ጊጋባይት፣ የሁለተኛው እያንዳንዱ ሥራ 2 ኮርና 1 ጊጋባይት ይወስዳል። ማሽኑን ከመካከል ቆርጠን ለየአንዳንዳቸው 6 ኮርና 12 ጊጋባይት ብንሰጥ፣ አንደኛዋ በሜሞሪ እጥረት ከ3 ሥራ በላይ፣ ሁለተኛው በኮር እጥረት ከ3 ሥራ በላይ አይሠሩም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው በብዛት የሚሻማበትን ሀብት ብቻ እየተመለከትን ድርሻቸውን ብናስተካክል፣ ማለትም ለአንደኛዋ ከሜሞሪው ሁለት ሦስተኛውን፣ ለሁለተኛው ከኮሩ ሁለት ሦስተኛውን ብንሰጥ፣ ሁለቱም 4 ሥራ ይሠራሉ። አንደኛዋ 4 ኮርና 16 ጊጋባይት፣ ሁለተኛው 8 ኮርና 4 ጊጋባይት ወሰዱ። ማንም አልተጎዳም፤ ሁለቱም ተጠቀሙ። ይህን ስልት አሊ ጎድሲና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ እ.ኤ.አ. በ2011 አቅርበውታል። ከመካከል መቁረጥ ቀላል ይመስላል እንጂ ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም፤ ፍትሕ ሰዎቹ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ማወቅን ይጠይቃል።

ደንብ የማይፈውሰው ጥበት

የዴንማርኩ ሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ የስልክ ጥሪዎችን ወረፋ በማጥናት እ.ኤ.አ. በ1909 የጀመረው ዘርፍ አንድ ጠቃሚ እውነት ያስተምረናል። ሥራዎች ያለ ቀጠሮ በየጊዜው ቢመጡና ርዝመታቸውም በዘፈቀደ ቢለያይ፣ አማካዩ የመጠበቂያ ጊዜ የሚገኘው ማሽኑ የተያዘበትን ክፍልፋይ ክፍት ለሆነበት ክፍልፋይ በማካፈል፣ ከዚያም በአማካዩ የሥራ ርዝመት በማባዛት ነው። አማካዩ ሥራ 30 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ማሽኑ ከመቶ 50 ሲያዝ መጠበቂያው 30 ደቂቃ፣ 80 ሲያዝ 2 ሰዓት፣ 90 ሲያዝ 4 ሰዓት ተኩል፣ 95 ሲያዝ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከ90 ወደ 95 መጨመር ከ50 ወደ 80 ከመጨመር ይበልጥ ይጎዳል።

ስለዚህ የጋራ ማሽንን የሚያባክን ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ በወረፋው ላይ ያሉትን ሁሉ ጊዜ ይሰርቃል። ለዚህ ነው የጋራ ማሽን አስተዳዳሪዎች ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አትያዙ፣ ለሌላው ቦታ ተዉ እያሉ አጥብቀው የሚያሳስቡት። ብክነትን የሚቀንስ መሣሪያም አለ። ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ኪው-ኢሙ የተባለው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም በተራ ላፕቶፕ ላይ የሌላን ፕሮሰሰር ባሕርይ ያስመስላል። ቀርፋፋ ነው፤ ፍጥነትን ለመለካትም አይሆንም። ሆኖም ከላይ የጠቀስነውን የ«አምቦ»ን ዓይነት የባይት ቅደም ተከተል ስሕተት ለመያዝ ይበቃል። በራስ ላፕቶፕ ሊታይ የሚችለውን በዚያው ማየት፣ የጋራውን ማሽን ለእውነተኛው ፍተሻ ማቆየት የጥሩ ተጋሪ ሥነ ምግባር ነው።

ከቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ

እስካሁን ያየነው ስሌት ሁሉም ተጋሪዎች ወደ ማሽኑ እኩል ይደርሳሉ ብሎ ያስባል። በመስኖ የሚያርስ ሰው ግን ይህ እንደማይሆን ያውቃል። ለእያንዳንዱ እኩል ሰዓት ቢመደብም ከቦዩ ራስ አጠገብ ላለው የሚደርሰው ውሃና ከቦዩ ጫፍ ላለው የሚደርሰው አንድ አይደለም፤ በመንገድ የሚሰርገው የሚቀነሰው ከመጨረሻው ሰው ነው። በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ «የውሃ አባት» የሚባለው ሰው ሥራ ሰዓት መቁጠር ብቻ ሳይሆን ይህን ልዩነት ማየትም ነው።

በምዕራብ ሸዋ ሆኖ ውጭ አገር ያለ ማሽን የሚጠቀም ተማሪ ከቦዩ ጫፍ ነው። መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክ ይቋረጣል። በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል የሆኑ ሦስት ደንቦች እርሱን እንዴት እንደሚጎዱ እንመልከት።

የመጀመሪያው «ግንኙነቱ የተቋረጠ ተራውን ያጣል» የሚለው ነው። ደንቡ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ማሽን ይዞ የጠፋ ሰው ሌሎችን ያግዳል። የተሻለው መፍትሔ ግን ኬሪ ግሬይና ዴቪድ ቸሪተን እ.ኤ.አ. በ1989 ለሌላ ዓይነት የኮምፒዩተር ችግር ያቀረቡት የውሰት ሐሳብ ነው። ማሽኑ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ተበዳሪው ቢጠፋም ጊዜው ሲያልቅ በራሱ ይመለሳል፤ እስከዚያ ግን የእርሱ ነው። ቲመክስ ወይም ስክሪን የተባሉት ፕሮግራሞች ደግሞ መስመሩ ቢቋረጥም ሥራው በሩቁ ማሽን ላይ እንዲቀጥል ያደርጋሉ። ተማሪው መብራት ሲመጣ ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሁለተኛው በተወሰነ ሰዓት ምዝገባ ተከፍቶ «ቀድሞ የነካ ይውሰድ» የሚለው ነው። ይህ ፈጣን መስመር ያለውን ይሸልማል። ከዚህ ይልቅ ጥያቄዎችን ቀኑን ሙሉ ተቀብሎ በመጨረሻ ዕጣ ማውጣት ይሻላል። በዕቁብ ያደገ ኅብረተሰብ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ ዕጣው ለማንም አያዳላም፣ ለደረሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዙር አይደርሰውም። አስቸኳይ ችግር የገጠመው አባል ካለም ዳኛው አባላቱን አማክሮ ሊያስቀድመው ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው «ብዙ ያበረከተ ብዙ ይጠቀም» የሚለው ነው። ይህ ከወንፈል ጋር ይመሳሰላል፤ ያረስክልኝን ያህል አርስልሃለሁ። በወንፈል ግን ሁሉም ጉልበቱን ይዞ ይመጣል። በሶፍትዌር ሥራ መፈተሻ ማሽን የሌለው ሰው ማበርከት አይችልም፤ ካላበረከተ ደግሞ ማሽን አያገኝም። ክቡ ተዘጋ። ይህ ደንብ ተሰጥኦን ሳይሆን ቀድሞ መድረስን ይሸልማል። ስለዚህ አስተዋይ ማኅበረሰቦች ከማሽኑ ጊዜ ጥቂቱን ለአዲስ መጤዎች ለይተው ያስቀምጣሉ፤ የዴቢያን የእንግዳ ፈቃድ ትርጉሙ ይኸው ነው።

ከቦዩ ጫፍ መሆን አንድ ጥቅምም ሊኖረው ይችላል። በአምቦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን በፓሪስ ገና ንጋት ነው፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ይሆናል። ወረፋው የሚላላበትን ሰዓት አጥንቶ በዚያ መሥራት ለማንም ሳይከፍሉ ጊዜ ማግኘት ነው።

በእጃችን ባለው

የውጭውን ማሽን መጠበቅ ብቻ ግን አያስፈልግም። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረው የዛሬው የአምቦ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በዞኑ ያሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር ክበቦች በአርም ፕሮሰሰር የሚሠራ አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር ቢያገኙ የጋራ መፈተሻ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው። ለ14 አባላት እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 12 ሰዓት ይደርሳል፤ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ግን አስቀድሞ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ሰዓቱን ቆርጦ ከማደል ይልቅ የሚከተሉትን አምስት ደንቦች እንመክራለን።

አንደኛ፣ ውሰቱ አጭር ይሁን፤ ለምሳሌ 2 ሰዓት፣ ወረፋ ከሌለ የሚታደስ። ሁለተኛ፣ ተራው ባለፉት ሳምንታት ጥቂት ለተጠቀመው ይሰጥ፤ መዝገቡም በየሳምንቱ በግማሽ ይቀነስ። ሦስተኛ፣ መብራት የወሰደው ሰዓት በባለ ተራው አይቆጠርበት። አራተኛ፣ ከሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ለአዳዲስ አባላት ብቻ ይለይ። አምስተኛ፣ መዝገቡ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይለጠፍ። አምስተኛው ቀላል ቢመስልም የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ነው፤ ሰው የማያየውን ሒሳብ አያምንምና።

ለማጠቃለል ያህል፣ ማሽንን በፍትሐዊነት መጋራት ሁሉንም እኩል ማስጠበቅ ወይም ሁሉንም እኩል መስጠት አይደለም። የተረሳ እንዳይኖር፣ እውነት የተናገረ እንዳይጎዳ፣ የትናንቱ ተጠቃሚ የነገን በር እንዳይዘጋ፣ ከሩቅ የመጣም ተራው እንዲደርሰው የሚያደርግ ደንብ መሥራት ነው። ክፍት ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ተከፍቷል። ማሽኑ ካልተከፈተ ግን ለብዙዎች የተከፈተው የማንበብ በር ብቻ ይሆናል፤ የመጻፉ በር ተዘግቶ ይቀራል።